ዛፍ መቁጠርና አፈር መመዘን፦ ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ተራሮች የአፈር ካርቦን ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ስላሉት ተራሮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጽሑፉ ረዘም ያለ ቢሆንም ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ተራሮቻችን እንደ ጥንቱ በዛፍ ከተሸፈኑ በአፈራቸው ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ያለ ጥርጥር ያድጋል፤ የዛፉ ዓይነት ለውጥ አያመጣም፤ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ዕፅዋት ቶሎ ስለሚያድጉበት ከብርዳሙ ደሴ ይልቅ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ የሣር መሬትና ጨፌ «ሥራ ፈት» ስለሆነ ችግኝ ሊተከልበት ይገባል፤ በጎርፍ የሚሄደው አፈርም ካርቦኑን ይዞ ቆላ ላይ ስለሚያርፍ የሚያሳስብ አይደለም፤ ውጤቱም በሦስተኛው ዓመት ተለክቶ ለካርቦን ገዢዎች፣ ማለትም በዛፍና በአፈር ለተከማቸ ካርቦን ገንዘብ ለሚከፍሉ፣ ሊቀርብ ይችላል። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ሆኖም በደቡብ ወሎ ወረዳዎች አፈር በመቆፈርና በመመዘን ብዙ ዓመታት እንዳሳለፈ ሰው፣ ከዘረዘሯቸው ነጥቦች አብዛኞቹ በጉድጓዱ ውስጥ ከማየው ጋር ስለማይስማሙ ተራ በተራ ልመልስባቸው ወደድሁ።

አስቀድሜ ግን ትክክል የሆነውን ልቀበል። በዓለም አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን በዛፎች ውስጥ ካለው ይበልጣል ማለታቸው እውነት ነው። በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ብቻ 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን እንዳለ ይገመታል፤ በከባቢ አየር ያለውና በምድር ዕፅዋት አካል ውስጥ ያለው ቢደመሩ እንኳ ይህን አያህሉም። እኔና እሳቸው የምንለያየው ከዚህ እውነት ተነሥተን በምንሄድበት መንገድ ነው። የአፈሩ ሀብት ከዛፉ ሀብት የሚበልጥ ከሆነ አፈሩ የራሱ መዝገብ ሊኖረው ይገባል፤ በዚያ መዝገብ ላይም ገቢ ብቻ ሳይሆን ወጪም ይጻፋል። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ሳነብ ስለ ወጪው ያገኘሁት አንድም መስመር የለም።

ጸሐፊው ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳን ተራራና ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን የየጎፍን ተራራ ጠቅሰው የመጀመሪያ ክርክራቸውን ያቆሙት «በጦሳ ያለው ባሕር ዛፍም ሆነ በየጎፍ ያለው ጥድና ወይራ ቅጠሉን እስከጣለ ድረስ አፈሩን እኩል ያበለጽጋል» በሚል ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። የዚህን ዐረፍተ ነገር ሸክም ሁሉ የተሸከመችው «እስከጣለ ድረስ» የምትለው ሐረግ ናት። ቅጠሉስ ይወድቃል፤ ጥያቄው ከወደቀ በኋላ ማን ያነሣዋል የሚለው ነው። ከጦሳ ግርጌ በማለዳ የቆመ ሰው መልሱን በዓይኑ ያያል፦ በገመድ የታሰረ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ተሸክመው፣ ወገባቸውን አጉብጠው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች በየዕለቱ አሉ። አንድ ጥቅምት ማለዳ ናሙና ልወስድ ወጥቼ አንዲት እናት ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን ቅጠል በመጥረጊያ ሲሰበስቡ አገኘኋቸው። መሬቱ እንደ ቤት ወለል ጸድቶ ነበር። «እናቴ፣ ለአፈሩስ ትንሽ አይተዉለትም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ አፈሩ እንጀራ አይጋግርልኝ!» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ ምጣድ ከሥሩ ዙሪያውን እኩል የሚዳረስ ነበልባል ይፈልጋል፣ ለዚህም ቅጠልን የሚያህል ማገዶ የለም። እኔ የምበላው እንጀራም በዚሁ ቅጠል የተጋገረ ሊሆን ስለሚችል እሳቸውን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ለአፈሩ ተብሎ የተጻፈው ገቢ ግን በምጣዱ ሥር ነድዶ ወደ አየር ተመልሷል።

በዚያው ቀን ያንን የተጠረገ መሬት ስቆፍር አካፋው ሁለት ጣት ያህል ከገባ በኋላ እንደ ድንጋይ መለሰኝ። ላዩ በጠብታ ተመትቶ የደረቀ ቅርፊት ነበረው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ቀለሙ የገረጣ፣ ሲጨብጡት የሚበተን ነበር። በሌላ ሳምንት ከኮምቦልቻ በላይ በየጎፍ፣ ከብት በማይደርስበትና ማገዶ ለቃሚ እምብዛም በማይገባበት ያረጀ ጥድና ወይራ ሥር ስቆፍር ያገኘሁት ሌላ ዓለም ነው። ከላይ ቅርጹ ያልተለወጠ ቅጠልና ፍልጥልጥ አለ፤ ያን ሲገልጡት የጠቆረ፣ እርጥብ፣ ግማሹ የበሰበሰ ቅጠል በቀጫጭን ነጫጭ የፈንገስ ክሮች ተሰፍቶ ይገኛል፤ ከዚያ በታች ጥቁርና ልል የሆነ፣ በእጅ ብቻ የሚዛቅ፣ ጥቃቅን ጓሎቹ በጸጉራማ ሥሮች ላይ እንደ ዶቃ የተንጠለጠሉበት አፈር ይመጣል። ሁለቱም ቦታዎች በላያቸው ዛፍ አላቸው። ዛፍ ብቻ የሚቆጥር ሰው ለሁለቱም እኩል ነጥብ ይሰጣቸዋል።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ካርቦን አፈር ውስጥ እንዴት እንደሚቀር ማየት ያስፈልጋል። ቅጠል መሬት ስለነካ ካርቦኑ ገና የአፈሩ አልሆነም። ምስጥ፣ ትል፣ ፈንገስና ባክቴሪያ ይመገቡታል፤ ከሚበሉት አብዛኛውን በእስትንፋሳቸው ወደ አየር ይመልሱታል፤ የተረፈው ጥቂቱ፣ ይልቁንም የእነሱ የራሳቸው በድንና ፈሳሽ፣ ከሸክላ ብናኝ ጋር ተጣብቆ ወይም በጓል ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ለብዙ አሥርት ዓመታት፣ አንዳንዴም ለመቶዎች ዓመታት የሚቆየው ይህ ነው። ብዙ ድርሻ ያለው ደግሞ ከላይ የሚወድቀው ቅጠል ሳይሆን እዚያው አፈሩ ውስጥ የሚሞተው ሥርና ሥሩ በሕይወት እያለ የሚያመነጨው ፈሳሽ ነው፤ ከሸክላውም ከተሕዋስያኑም አጠገብ ነውና። ስለዚህ ከዛፉ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ መኖር አለመኖሩ፣ መሬቱ በከብት መረገጥ አለመረገጡ፣ ዛፉ ስንት ዓመት ቆሞ እንደሚቆረጥ ሁሉ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። በየጥቂት ዓመቱ ለአጣናና ለማገር የሚቆረጥ፣ ከሥሩ ሣር የሳሳበት፣ ቅጠሉ የሚጠረግ ባሕር ዛፍ እነዚህን በሮች ሁሉ ይዘጋል። ሥሩም ቢሆን ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ስለሚያቆጠቁጥ እንደ ሣር ሥር በየዓመቱ በብዛት እየሞተ አይታደስም።

ይህ የእኔ የግል ምልከታ ብቻ እንዳይመስል፣ ሁለት ተመራማሪዎች ከ74 የታተሙ ጥናቶች ውጤት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡትን ድምር መጥቀስ ይቻላል። በዚያ ድምር መሠረት የተፈጥሮ ደን ወደ እርሻ ሲለወጥ የአፈር ካርቦን በአማካይ 42 በመቶ ይቀንሳል፤ የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ በተተከለ ደን ሲተካ 13 በመቶ ይቀንሳል፤ የግጦሽ መሬት ወደ ተተከለ ደን ሲለወጥም 10 በመቶ ይቀንሳል። በአንጻሩ እርሻ ወደ ተተከለ ደን ሲለወጥ 18 በመቶ፣ እርሻ ተትቶ ደኑ ራሱ ሲያገግም ደግሞ 53 በመቶ ይጨምራል። እነዚህ የዓለም አማካይ ናቸው እንጂ የጦሳ ወይም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ልኬት አይደሉም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ፦ ያው የችግኝ ተከላ እንደ ተተከለበት መሬት ታሪክ አንድ ቦታ ሲጨምር ሌላ ቦታ ይቀንሳል። «ያለ ጥርጥር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

ባሕር ዛፍን ለመክሰስ እንዳልተነሣሁ ግን ይታወቅልኝ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ያልተሸከመው ሸክም የለም፤ የተወለድሁበት ቤት ማገሩም ወራጁም እሱ ነው፣ እሱ ባይኖር ደግሞ የቀሩት ጥቂት ወይራዎች እስከ ዛሬ ባልቆዩ ነበር። የተራቆተ የእርሻ ዳገት ላይ ሲተከልም አፈሩን ሊጠቅም ይችላል። የምቃወመው የማገዶና የአጣና እርሻ የሆነውን ደን የአፈር ካርቦን ማከማቻ ብሎ መጥራትን ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ሙቀትን ይመለከታል። ዕፅዋት በሞቃት ቦታ ቶሎ ስለሚያድጉ ኮምቦልቻ ከደሴ የበለጠ ካርቦን በአፈሩ ይይዛል ይላሉ። ገቢውን በትክክል አይተዋል፤ ሙቀት ዕፅዋቱን ብቻ ሳይሆን አብስባሾቹንም እንደሚያፋጥን ግን ዘንግተዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ኮምቦልቻ የሚደርስ መንገደኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አቋርጧል ማለት ነው፤ ጋቢውን ሐረጎ ላይ ማውለቅ የሚጀምረውም ለዚህ ነው። የመበስበስ ፍጥነት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር እጥፍ ገደማ ይሆናል የሚለውን የተለመደ ግምት ብንወስድ፣ አራት ዲግሪ ፍጥነቱን በሲሶ ያህል ያሳድገዋል። እርጥበቱ እኩል ከሆነ ያው አንድ እፍኝ ቅጠል ደሴ ላይ ገና ሳያልቅ ኮምቦልቻ ላይ ተበልቶ አልቋል። ለዚህ ነው በአጠቃላይ የደጋ አፈር ጠቆር ብሎና ብስባሹ በርክቶ የሚገኘው። ኮምቦልቻ ችግኝ አይተከልባት ማለቴ አይደለም፤ ከግንዱ የምትጠብቁትን ካርቦን ከአፈሩ አትጠብቁ ማለቴ ነው።

እርጥበቱም ቢሆን እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ደረቅ አፈር ውስጥ አብስባሾቹ ይተኛሉ፤ ውሃ ባቆረበት አፈር ውስጥ ደግሞ አየር ስለሚያጥር ሥራቸው ይንቀራፈፋል። በሁለቱ መካከል ያለው አፈር ነው ካርቦኑን በፍጥነት የሚያቃጥለው። ከዚህም በላይ የደረቀ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ሲርስ ድንገተኛ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ፍንዳታ ይከተላል፤ ይህን በኬንያ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ በርች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚገባ አሳይቷል፣ ክስተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በወሎ በልግም ክረምትም ስላለ አፈሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ደርቆ ሁለት ጊዜ ይርሳል። ባዶ የተተወ መሬት በፀሐይ ሙልጭ ብሎ ስለሚደርቅ ይህ ፍንዳታ ይጸናበታል፤ በቅጠልና በሣር የተሸፈነው ግን እርጥበቱን ስለሚይዝና ስለማይግል ለውጡ ይለዝብለታል። ደን የአፈር ካርቦንን የሚጠብቅበት አንዱ ትልቅ መንገድ ይኸው ጥላና ልባስ ሆኖ ሳለ፣ በጽሑፉ ውስጥ ግን አልተነሣም። ጸሐፊው ደኑን ካርቦን አምራች አድርገው ብቻ አዩት እንጂ ጠባቂነቱን አላዩም።

«ወሎ የዛሬ መቶ ዓመት በደን ተሸፍኖ ነበር» የሚለውን ሦስተኛ ነጥባቸውን በአጭሩ ልለፈው። ታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1997 እነዚያኑ ቦታዎች ደግሞ ፎቶ አንሥቶ ሲያነጻጽር፣ በአብዛኞቹ ላይ ያገኘው የዛፍ መመናመንን ሳይሆን መጨመርን ነው፤ ከተጨመሩትም ብዙዎቹ ሰው በየቤቱ ዙሪያ የተከላቸው ባሕር ዛፎች ናቸው። ዛፍ ሲጨምር አፈሩ በዚያው ልክ የሚበለጽግ ቢሆን ኖሮ ገበሬዎቻችን ይህን ከእኛ ቀድመው ይነግሩን ነበር።

አራተኛው ነጥባቸው ከሁሉ ያሳሰበኝ ነው፤ ሥራ ላይ ከዋለ ጉዳቱ ቶሎ የማይመለስ ነውና። የቦሩ ሜዳን ዓይነት ደጋማ የሣር መሬትና ከኮምቦልቻ በታች በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋውን የጨፋን ረግረግ «ሥራ ፈት» ብለውታል። የሣር መሬት ካርቦኑን የሚያስቀምጠው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ጥቅጥቅ ያለ ሥሩ በየዓመቱ በከፊል እየሞተ እየታደሰ ጥቁሩን የላይ አፈር ይሠራል፤ ለዓይን ባዶ የሚመስለው ሜዳ በአፈሩ ውስጥ ከአጠገቡ ካለው የተተከለ ደን ያላነሰ ካርቦን ሊይዝ ይችላል። በላይ የጠቀስሁት የ10 በመቶ ቅናሽ አንዱ ምክንያትም ይህን ሥር ነቅሎ የችግኝ ጉድጓድ መቆፈር ሊሆን ይችላል። ረግረጉ ደግሞ የባሰ ነው። በጨፋ ዓይነት መሬት ካርቦኑን ያቆየው ውሃው ነው፤ አየር ስላልገባ ሳይበሰብስ የተከማቸ የሣርና የደንገል ቅሪት ነው። ቦይ ቀድዶ ማድረቅና ውሃ መጣጭ ዛፍ መትከል ማለት ለአብስባሾቹ በር ከፍቶ ግቡ ማለት ነው። ብዙ ዘመን የፈጀው ክምችት በጥቂት ዓመታት ሊጠፋ ይችላል፤ የተተከለው ዛፍ ያንን ለመተካት ስንት ዘመን እንደሚያስፈልገው ማንም ገምቶ ይድረስበት። በበጋ ከብቱን ይዞ ወደዚያ የሚወርደው አርብቶ አደር «ሥራ ፈት» የሚለውን ቃል ቢሰማ ምን እንደሚል ለጊዜው ልተወው።

የጎርፉ ነገር ግማሽ እውነት አለበት። ከዳገት ታጥቦ የወረደ አፈር ሸለቆ ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር ካርቦኑ ከአየርና ከሙቀት ርቆ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ በሳይንሱም የሚታወቅ ክርክር ነው። ጸሐፊው የዘለሉት ግን ብዙ ነው። ጎርፍ አፈርን በጥቅሉ ዝቆ አይሄድም፤ ቀድሞ የሚወስደው ቀላሉንና ደቃቁን፣ ማለትም ብስባሹንና ብስባሹ የተጣበቀበትን ሸክላ ነው። ድንጋይና አሸዋውን ለገበሬው ይተውለታል። በጉዞው ላይ ጓሎቹ ይፈርሳሉ፣ በውስጣቸው ተደብቆ የነበረው ካርቦን ለአብስባሾች ይጋለጣል። የተራቆተው ዳገት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚያበቅለው ስለሚሳሳ አዲስ ገቢውም ይቀንሳል። ከደሴ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ያለው የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲቋቋም ዋና ጥያቄው ይኸው ከእርሻ ዳገት የሚታጠበው አፈር ነበር፤ በኢትዮጵያና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር በተሠራው በዚያ ፕሮግራም ከተከፈቱት ጣቢያዎችም የመጀመሪያው ነው። በክረምት ወደ ሻይ ቀለም የሚለወጠውን ቦርከናን ከድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ሰው፣ ያ ቀለም ከማን ማሳ እንደመጣ ያውቃል። አፈሩ ጨፋ ላይ ማረፉ ከላይ ያሉትን የአልቡኮን ወይም የኩታበርን ወረዳ ገበሬዎች አያጽናናም።

ወደ መጨረሻው ነጥባቸው፣ ማለትም በሦስት ዓመት ውስጥ ለክቶ ስለ መሸጥ ልለፍ። እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሙያዬ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በዚህ ነገር እኔም ተሳስቼ ስለማውቅ ነው።

በሦስት ዓመት ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ተከላው ራሱ ያመጣው ጉዳት ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር፣ እርከን ሲሠራ፣ ውሃ ማቆሪያ ሲወጣ በጓል ውስጥ ታሽጎ የነበረው አፈር ይገለበጣል፣ ይተነፍሳል። ችግኙ ይህን የሚያካክስ ቅጠልና ሥር ለማፍራት ዓመታት ያስፈልጉታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአፈር ካርቦን ቢቀንስ ሊደንቀን አይገባም። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት ጉባኤ የሂሳብ መመሪያ የመሬት አጠቃቀም ተለውጦ አፈሩ ወደ አዲስ ሚዛን እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ 20 ዓመት አድርጎ የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ ያለው የሂሳብ ችግር ነው። አንድ ሄክታር እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 60 ቶን ካርቦን አለው እንበል። ተከላው ተሳክቶ በዓመት ግማሽ ቶን ቢጨምርለት በሦስት ዓመት አንድ ቶን ተኩል ይሆናል። ይህ የጠቅላላው 2.5 በመቶ ነው። በዚያው ማሳ ውስጥ በአሥር እርምጃ ርቀት የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች፣ አንዱ ከእበት ሥር ሌላው ከእርከን ጫፍ ቢሆኑ፣ ልዩነታቸው ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት «ጨመረ» የሚል ሰው የለካው የናሙና ቦታውን ዕድል እንጂ የደኑን ሥራ አይደለም።

የራሴ ስህተት የድንጋይ ነበር። ወጣት ሳለሁ በአንድ የተከለለ ተራራ ላይ ናሙና እንድወስድ ተልኬ፣ የብረቱን ቀለበት በመዶሻ እያስገባሁ ድንጋይ የመታበትን ቦታ ሁሉ እየተውሁ ልል አፈር ወዳለበት እዞር ነበር። መዶሻው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ እጅን ስለሚያነዝር ድካምን መሸሽም ነበረበት። ናሙናዎቼ ሁሉ ያማሩ፣ ጥቋቁር ሆኑ። የካርቦኑ መቶኛ ተገኘ፣ በአፈሩ ክብደትና በጥልቀቱ ተባዛ፣ ደስ የሚል ቁጥር ወጣ። ከዓመታት በኋላ ደግሜ ሳየው ነው የተራራው ድንጋይ ጨርሶ በሂሳቡ ውስጥ እንዳልገባ የገባኝ። በምሳሌ ላስረዳ፦ ካርቦኑ 3 በመቶ፣ የአፈሩ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ግራም፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሂሳቡ በሄክታር 90 ቶን ይሰጣል። ነገር ግን የዚያ አፈር ይዘት 40 በመቶው ድንጋይ ከሆነ እውነተኛው ክምችት 54 ቶን ብቻ ነው። 36ቱ ቶን በወረቀት ላይ እንጂ በተራራው ላይ አልነበረም። ካርቦን ገዢዎች በሚጠቀሙበት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ሲቀየር ደግሞ በ3.67 ስለሚባዛ 132 ቶን ይሆናል፤ ከአንድ ሄክታር ብቻ ማለት ነው። ይህን ለሸማች ማቅረብ ውሃ የተጨመረበት ወተት ከመሸጥ አይለይም።

የእፍጋቱ ጉዳይም የዚያው ወንድም ነው። አንድ መሬት ከከብት ሲከለል የተረገጠው አፈር ቀስ በቀስ ይላላል፤ ሲላላ ደግሞ በዚያው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚገባው አፈር ያንሳል። መቶኛውን ብቻ ያየ ሰው እድገቱን አጋንኖ ያያል፤ ጥልቀቱን ብቻ ያየ ሰው ደግሞ ያለ አግባብ ያሳንሰዋል። ትክክለኛው መንገድ እኩል ክብደት ያለውን አፈር ከእኩል ክብደት ጋር ማነጻጸር ነው። በቤተ ሙከራም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል፤ በአገራችን በስፋት የሚሠራበት በአሲድና በዳይክሮሜት የማቃጠል ዘዴ ካርቦኑን ሁሉ ስለማያቃጥል በማስተካከያ ቁጥር ይባዛል፣ በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥለው መሣሪያ ደግሞ በቆላ አፈር ውስጥ ያለውን የኖራ ካርቦን ከብስባሹ ጋር ደምሮ ይቆጥራል። የመጀመሪያውን ዓመት በአንዱ፣ ሦስተኛውን በሌላው ለክቶ ማነጻጸር አይቻልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው ጽሑፉ ያቀረበው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ችግኝ ይጨመር የሚል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ካስተማረን ነገር አንዱ ግን በአንድ ቀን የተተከለው ቁጥርና ከሦስት ክረምት በኋላ ቆሞ የሚገኘው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ለአፈሩ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ርካሹ መንገድ የሚሻል ይመስለኛል፦ ዳገቱን ከልሎ፣ ከጉቶና ከተቀበረ ዘር የሚመጣውን ክትክታ፣ ወይራና ጥድ ማሳደግ። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር ተራራ ያገገመው በዋናነት በመሬት ውስጥ ከነበረ ጉቶና ሥር ነው፤ ጉድጓድ አልበዛበትም፣ አፈሩም አልተገለበጠም። ከእሱ ጋር አብሮ የሚሄድ የማገዶ መላ ግን ያስፈልጋል። ማገዶ ሲጠፋ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ሲነድድ ደግሞ ወደ ማሳ ይመለስ የነበረው ካርቦን በጢስ ይወጣል። በጦሳ ያገኘኋቸው እናት ቅጠሉን እንዲተዉ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ በምን እንደሚጋግሩ መመለስ አለበት። ለአንዳንድ የባሕር ዛፍ ማሳዎች «ይህ ለማገዶ ነው» ብሎ በግልጽ መመደብና ከእነሱ የአፈር ካርቦን አለመጠየቅ፣ ሌሎቹን ደግሞ ከመጥረጊያም ከከብትም ማራቅ አንዱ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ በራሳቸው ቀበሌ ልኬት ሊጀምሩ እንዳሰቡ ጠቁመዋል። ይህን በደስታ አነበብሁት። የብረት ቀለበቱንና መዶሻውን አውሳቸዋለሁ፤ ቆፋሪም ከፈለጉ አብሬ እወጣለሁ። የምለምናቸው መዶሻው ድንጋይ ሲመታ እንደ እኔ ወደ ልሉ አፈር እንዳይዞሩ ነው፤ ድንጋዩን አውጥተው፣ አጥበው፣ አብረው ይመዝኑት።